የመካነ ሰላም አየር

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልኬትህ ትክክል ነበር።

ውድ ብዙአየሁ፣

ዋናውን ከላይ አስቀመጥኩት። ወሬ ስጀምርልህ «መጨረሻውን ንገሪኝና ከዚያ እንደፈለግሽ ዙሪ» ትለኝ ነበር። መጨረሻው ይኸው ነው። አሁን ልዙር።

የምጽፍልህ ሀምዱ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብዬ ነው፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ የፈተና ወረቀት ታባዛባት በነበረችው ጠባብ ክፍል። ሀምዱ ሆድ አውጥቷል፤ ፕሪንተሩ ግን የድሮው ነው። መብራት ሄዶ ቆይቶ አሁን መጣ። ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ እጽፋለሁ። የማሳትመው ስለ አንተ ነው። ተዝካርህ ነገ ነው፤ እናትህ ደግሞ እስከ ተዝካርህ ድረስ የምመልስላቸው ጥያቄ ሰጥተውኛል።

የጠየቁኝ በቀብርህ ሰሞን ነው። ለቀስተኛው ቀለል ሲል ከድንኳኑ ጀርባ ጠሩኝ። እማሆይ ወለተ ማርያም ከመነኮሱ ወዲህ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ዓይናቸው ግን አልመነኮሰም። ቆባቸውን አስተካከሉና እጄን ያዙኝ።

«አበቡ፣ አንች አብረሽው ነበርሽ።»

«ነበርኩ እማሆይ።»

«እዚያ ትምህርቱ ላይ ልጄ ዋሽቷል?»

«አልዋሸም።»

«ቆይ፤ እንዲህ ቶሎ አትመልሽልኝ። ትወጂው ነበር። እናቱ አይደለሁ? አያለሁ። ስለምትወጂው የምትመሰክሪልኝን አልፈልግም። እዚህ አገር ቁጥር ፈጥሮ ተባረረ ሲባል ነው የኖረው። እሱም ቀና ብሎ አልዋሸሁም አላለኝም። እኔ ለነፍሱ ስቆም የምለውን ልወቅ። ዋሽቶ ከሆነ ማርልኝ እላለሁ። ካልዋሸ ግን ያልሠራውን ኃጢአት በእግዚአብሔር ፊት እየቆጠርኩበት ነው። የምታውቂውን ንገሪኝ።»

የማውቀው አልነበረኝም። እንደማትዋሽ አውቃለሁ፤ ቁጥሩ ለምን እንዳልገጠመ ግን አላውቅም ነበር። ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። እናትህም ልዩነቱ ገብቷቸዋል።

«አጣርቼ እመጣለሁ» አልኳቸው።

«ለተዝካሩ ድረሽ» አሉኝና ወደ ሰዉ ተመለሱ።

ምን እንሠራ እንደነበር ያውቃሉ። ራስህ ነህ ያስረዳሃቸው። ከባሕር ማዶ ተመልሰህ የነዳጅ ሴሏን በሹራብ ጠቅልለህ አቀስታ ይዘሃት የሄድክ ቀን እኔም ነበርኩ። መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ አሳየሃቸው። በዚህ በኩል ሃይድሮጅን ይገባል፣ በዚህ በኩል አየር፤ በመካከሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የፖሊመር ሽፋን አለ፤ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ከኤሌክትሪኩ ጋር ውሃ ይወለዳል አልካቸው።

«ታዲያ ከሠራ ምን ያስጨንቅሃል?» አሉህ።

«ውሃው ነዋ እማዬ። ሽፋኑ ከደረቀ ሥራ ያቆማል። ውሃው ከበዛ ደግሞ የአየሩን ቦይ ይዘጋውና አየር አያልፍም፤ ታፍኖ ይቆማል።»

«ሲጠማም ሲጠጣም የሚሞት! ይኼማ የአራጌ በቅሎ ነች።»

የጎረቤታችሁ የአራጌ በቅሎ ያን ሰሞን ወንዝ ዳር ወድቃ ሞታ ነበር። አንተ እስክታነባ ድረስ ሳቅክ። ከዚያ በኋላ ሴሏን በስሟ አልጠራሃትም። «በቅሎዋ ዛሬ እንዴት ናት?» ነበር የምትለኝ።

ያን ክፍል አስታውሰዋለሁ። እዚሁ መካነ ሰላም፣ አብረን ከምናስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ የነበረው መጋዘን፤ ግማሹ የተሰባበረ ዴስክ፣ ግማሹ የእኛ። ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ሲሰጠን «እሳት እንዳታስነሡብኝ» ብቻ ነበር ያለን። ከውሃ ሃይድሮጅን የምታወጣው ትንሽ ዕቃህ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩ የአስተማሪ ጠረጴዛ ላይ። አንተ ጋቢህን ደርበህ፣ ኪስህን የገብስ ቆሎ ሞልተህ፣ ወዲያ ወዲህ እያልክ እኩልታውን ጮክ ብለህ ታነባለህ፤ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ የጻፍኩትን እኔ አነባለሁ፤ አንተ ታርማለህ። የሠራነውን አንድም መስመር ሳይነበብ አላለፍንም። አባትህ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ልጆቹን እንዲያ ነበር የሚያስነብቡት፤ አንተም ከዚያ ነው ያመጣኸው። መንገደኛ በመስኮት ሲሰማን ጸሎት ይመስለው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ገበያተኛ ቆማ አማትባ ሄዳለች።

ቦዩን ኮምፒውተር ውስጥ በትንንሽ ክፍል ሸነሸንነው። እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ውሃ እንደያዘ፣ ምን ያህል ጋዝ እንደሚያሳልፍ፣ ከጎረቤቱ ምን ተቀብሎ ለጎረቤቱ ምን እንደሚሰጥ ማሽኑ ያሰላል። ክፍሎቹን በቁጥር መጥራት ሰለቸህና አገር አወጣህላቸው። አየሩ የሚገባበት ጫፍ ወግዲ፣ መካከሉ መካነ ሰላም፣ አየሩ የሚወጣበት ጫፍ አቀስታ። መንገዱም እንደዚያው ነው። የሚገባው አየር ደረቅ ስለሆነ መግቢያው ላይ ሽፋኑ ይደርቃል፤ መውጫው ላይ ውሃው ይጠራቀማል።

«የኔ አገር ለምንድነው ሁልጊዜ የምትደርቀው?» አልኩህ።

«ቆላ ስለሆነች ነዋ።»

«ወግዲ ቆላ አይደለችም!»

«ካቀስታ ሲያዩዋት ነች።»

«ያንተዋ አቀስታ ግን ይኸው፣ ጎርፍ በጎርፍ ሆናለች።»

«እንደ ልማዷ!»

እንዲህ ነበርን። መልካም ጊዜ ነበር፤ ከዚያ በላይ ልለው አልችልም። ባሕር ማዶ ሳለህ በባሕር ጠረፍ ያለው ቤተ ሙከራ ውስጥ የለካኸው ቁጥር ከኮምፒውተሩ ሞዴል ጋር አንድ ሆኖ የወጣ ቀን ግንባሬን ሳምከኝ። ከዚያ «ወግዲን ድጋሚ አሳይኝ» አልክ። ሌላ ነገር ብትል ኖሮ ምን እመልስልህ እንደነበር አውቃለሁ። አላልክም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወግዲን ድጋሚ አሳየሁህ።

ቀጥሎ እዚሁ ከተማችን፣ መጋዘኑ ውስጥ መለካት ጀመርክ። ያችኑ ሴል፣ ያንኑ ጋዝ፣ በማሞቂያ የተጠበቀ ያንኑ ሙቀት። በቦዩ አጠገብ ባሰርካቸው ሽቦዎች ሽፋኑ የት ደርቆ የት እንደረጠበ ታነብባለህ። ቁጥሩ አልገጠመም። ኤሌክትሪኩ አነሰ፤ ድርቁም ወግዲ ላይ ሊቆም ሲገባው አልፎ የቦዩ መካከል፣ መካነ ሰላም ደረሰ። ሽቦ ቀየርክ። ዕቃዋን ፈታህ፣ አጠብክ፣ ገጠምክ። ድርቁ መካነ ሰላም ላይ ነው። የጻፍነውን መስመር ሁሉ እንደገና ጮክ ብለን አነበብን። ድርቁ መካነ ሰላም ላይ ነው።

ሁለቱንም ቁጥር ይዘህ ለዶክትሬት ፈተናህ ዩኒቨርሲቲው ፊት ቀረብክ። ልትደብቀው ትችል ነበር፤ የባሕር ጠረፉን ብቻ ብታቀርብ ዛሬ ዶክተር ብዙአየሁ ትባል ነበር። እኔ ከአዳራሹ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ትከሻዋ ላይ የምትጠብህ፣ ከሀምዱ ወንድም የተዋስካት ኮት ለብሰህ ነበር።

«አንድ ዕቃ፣ አንድ ጋዝ፣ አንድ ሙቀት» አለ ፈታኙ። «ውጤቱ ግን ሁለት። አንደኛው ከሞዴልህ ጋር ልክ ይገጥማል፤ ሌላው ጭራሽ አይገጥምም። እንግዲህ አንዱን አልለካኸውም ማለት ነው። ፈጥረህ ጽፈኸዋል።»

«ሁለቱንም ለክቻለሁ።»

«እሺ፤ ልዩነቱን አስረዳን።»

ማስረዳት አልቻልክም። ጠበቁህ፤ ሰዓት አልነሱህም። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ጠመኔ ይዘህ ቆምክና መልሰህ አስቀመጥከው።

ወሬው ካንተ ቀድሞ አቀስታ ገባ። አንተ ፊዚክስ ልታስተምር ወደዚያ ተዛወርክ፤ ሴሏን ሳጥን ውስጥ ከተትካት። በጥምቀት ሰሞን መጥቼ አንድ ጊዜ ብቻ አነሣሁብህ።

«ተይው አበቡ» አልከኝ። «እጄ ይሆናል። እዚህ ስለካ ተሳስቼ ይሆናል።»

«ያን ሁሉ ጊዜ? ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን?»

«እጅ አንዴ ከለመደ እንደዚያ ነው።»

ከዚያ ስለ ተማሪዎችህ አወራኸኝ። እጅህን ስታይ አየሁህ፤ መዳፍህን ገልበጥ አድርገህ፣ የሰው እጅ እንደምታይ። ከተነገረብህ ሁሉ ያች ነች የከፋችኝ። በዚህ ዓመት ጉበትህ ታሞ ደሴ ተኝተህ ስጠይቅህም ስለ ሴሏ አልተናገርክም። እኔም አልተናገርኩም።

አሁን ባቄላው ላይ ልድረስ።

እናትህ የጠየቁኝ ዕለት ከሰዓት በኋላ እህትህ ሰገነት የንፍሮውን ድስት ለእኔ ሰጠችኝ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ንፍሮ ይቀርብለታል፤ ሴቱ ሁሉ ሥራ ይዟል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ኩበቱን አያያዝኩ። የእኛ ቤት ወደ ዓባይ በሚያቆለቁለው በወግዲ ጫፍ ነው፤ እዚያ ባቄላ ምን ያህል እንደሚቆይ እጄ ያውቀዋል። በዚያው ልክ አቆይቼ አወጣሁት። ተዞረ። ቄሰ ገበዙ አንዲት ፍሬ አፋቸው ውስጥ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ጉንጭ ሲያዘዋውሩ አየሁ። ሰገነት ሰፌዱን ይዛ ተመልሳ መጣች።

«አንች ወግዲ! ጠጠር ነው እንዴ የቀቀልሽው? አባ የቀረቻቸውን ጥርስ ልታስጨርሻቸው ነው!»

«ፈልቷል እኮ። ሲንተከተክ ነው የቆየው።»

«መንተክተኩንማ እዚህ ሁሉም ይንተከተካል። መብሰል ነው ሥራው። ምነው፣ ያ ሁሉ ትምህርት ባቄላ ላይ ሲደርስ አለቀ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው፤ አንተ ብትሰማ ግን ከሁሉም በላይ ትስቅ ነበር። እኔ ተናደድኩና የክፍል ውስጥ ድምፄን አወጣሁ።

«ጥፋቱ የኔ አይደለም። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ስስ ስለሆነ ውሃው በቅጡ ሳይግል ይፈላል፤ ቶሎም ተን ሆኖ ይሄዳል። ወግዲ ዝቅ ስለምትል አየሩ ከበድ ብሎ ይጫነውና...»

«ኧረ ደግሞ! ለባቄላ አየር ምን አገባው?» አለች ሰገነት።

ጭልፋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ለዘጠነኛ ክፍል ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ነገር ነው። ውሃ በስስ አየር ቶሎ ይተናል። ድስት ውስጥ ከሆነ ቦይ ውስጥም ነው። ቦዩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ስስ ከሆነ ከሽፋኑ ላይ ብዙ ውሃ ይዞ ይሄዳል፤ ኦክስጅኑም ያንሳል። ድርቁ ወግዲ ላይ አይቆምም።

«አበቡ፣ ምን ሆንሽ?»

«ባቄላውን መልሽው።»

«ወዴት?»

«ወደ ድስቱ ነዋ ሰገነት!»

መካነ ሰላም እንደተመለስኩ ኮምፒውተሩን አወጣሁ። የቁልፍ ሰሌዳውን ገልብጬ ሳራግፈው የገብስ ቆሎ ወደቀ። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ አቆየሁትና ጣልኩት። መብራት ሲመጣ እየሠራሁ፣ ሲሄድ እየጠበቅኩ፣ ሞዴሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። እኛ የጻፍነውን ብቻ ሳይሆን ከባሕር ማዶ ይዘኸው የመጣኸውን የፕሮግራሙን ክፍልም። ያን ክፍል አንብበነው አናውቅም ነበር። ከትልቅ ቦታ የመጣ፣ ትልቅ ሰው የጻፈው ነው ብለን እንደ ዳዊት ተቀብለን ነበር የምንቀጥልበት፤ የምናርመው የራሳችንን ብቻ። እዚያ ውስጥ አንዲት መስመር አለች። የአየር ግፊት፣ አንድ አትሞስፌር።

ይህ የባሕር ጠረፍ አየር ነው። ስትለካ እዚያ ነበርክ፤ መስመሯም እዚያ እውነት ነበረች። የመካነ ሰላም አየር ግን የዚያ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ያችኑ መስመር እዚህ ይዘናት መጣን፤ ማንም አልጠየቃትም። እኛ እዚህ ተወልደን እዚህ አድገናል። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ስለ ሙቀቱ ያወራል፣ ስለ ወባው ያወራል፤ አየሩ ከበደኝ ብሎ የመጣ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ፈታኞችህም ደገኞች ነበሩ። ከባሕር ጠረፍ የመጣ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ቢኖር ደረጃ ወጥቶ ሲያለከልክ ትዝ ይለው ነበር። አልነበረም።

ቁጥሩን ቀይሬ ማሽኑን ለቀቅኩት። ድርቁ ከወግዲ ተነሣና መካነ ሰላም ላይ ቆመ። ያንተ ነጥቦች አንድ በአንድ መስመሩ ላይ ተቀመጡ። በሽቦ የለካኻቸው፣ ስንት ጊዜ ፈትተህ የገጠምክባቸው፣ እጅህን የጠረጠርክባቸው። አላለቀስኩም። ወጥቼ የታጠበ ልብስ አሰጣሁ፤ ሳሰጣው አንዱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ እንዳጠብኩት አየሁ።

ያኔውኑ ለእናትህ መንገር ነበረብኝ ትለኝ ይሆናል። ስልክ አነሣሁና አስቀመጥኩት። በስልክ ምን ልበላቸው? ደግሞ አንድ ነገር ያዘኝ። ልጅዎ ልክ ነበር፣ ግን ሳያውቀው ሞተ ብሎ መንገር ከቀድሞው ይብስ እንደሆነ እንጃ። ልጃቸው ዋሽቶ ከሆነ ቢያንስ ኃጢአቱ የራሱ ነው። ይኼኛው የማን ነው? አንዲት ቁጥር እንዲህ አደረገችው ስላቸው ምን ይሉኛል?

እንግዲያው ማኅተም ያለው ወረቀት ልውሰድላቸው አልኩ። ወረቀቱ ይናገር፣ እኔ አጠገቡ ልቁም። ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሣች፤ ጉዳዩን አስረዳኋት፤ በትሕትና ሰማችኝ።

«ባለጉዳዩ ራሱ መቅረብ አለበት» አለችኝ።

«ሞቷል።»

«እሺ፤ የሞት ማስረጃውን ይዞ...» አለችና ራሷን ሰማች። «ይቅርታ። ወራሹ ማለቴ ነው።»

እኔም ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ የሚቻላትን ሁሉ ነገረችኝ። ማመልከቻ ይጻፍ፣ አዲሱ ስሌት ከነስዕሉ ይያያዝ፣ ኮሚቴው ከገና በኋላ ሲሰበሰብ ያየዋል፤ ካመነበት ደብዳቤ ይወጣል። ከገና በኋላ። ተዝካርህ ነገ ነው። ትናንት ለራሴ ቆርጬ ነበር፤ ማመልከቻውን ዛሬ በሾፌር እልካለሁ፣ አቀስታ ግን ባዶ እጄን አልሄድም። ታማለች በሉልኝ ብዬ ለሰገነት ልልክባት ነበር። ማኅተሙ ሲመጣ እሄዳለሁ።

ይኼው ነው እዚህ ያስቀመጠኝ። ፕሪንተሩ ሞቀ። ሀምዱ የመጀመሪያውን ገጽ አወጣና ወደ መስኮቱ ወስዶ እያየው ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሲናገር እየሰማሁ ነው የምጽፈው።

«ወላሂ አበቡ፣ ይኼ ሥዕል ቀለሜን ይጨርሰዋል። ሰማያዊው ሁሉ ምንድነው?»

«ውሃ።»

«ቀዩስ?»

«ድርቅ።»

«መካነ ሰላምን በቀይ ቀባሻት እኮ! ሰው እንዳያይሽ።»

«የብዙአየሁ ነው። ያኔ ያልገጠመለት።»

ሳቁን አቆመ። ኮቱን ከወንድሙ ያስዋሰህ እሱ እንደሆነ አልረሳም። ነገርኩት፤ ረጅም አልነበረም። ስሌቱ የሚያወራው ስለ ባሕር ጠረፍ አየር ነው፣ እሱ የለካው የእኛን አየር ነው፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ አልኩት። ወረቀቱን አስቀመጠ።

«በቃ? ያ ሁሉ ለዚች ነው?»

«ለዚች ነው።»

«አላህ ይዘንለት። ያ ሁሉ ስም ማጥፋት ለዚች!» ገጹን እንደገና አነሣ። «አቀስታ ሰምተዋል?»

«ማኅተም ያለው ወረቀት እየጠበቅኩ ነው።»

«የምን ማኅተም?»

«እንዲያምኑኝ።»

«ምን ነካሽ አንች? ሌባ ነው፣ ውሸታም ነው የተባለው በማኅተም ነው እንዴ? እንዲሁ በአፍ ነው የገባው። ሾፌር ነገረው፣ ሾፌሩ ለሻይ ቤት ነገረ። እኔ ብሆን ዛሬውኑ ሄጄ በየደጁ ቆሜ አወራው ነበር።»

ፕሪንተሩ ሁለተኛውን ገጽ ጀምሯል፤ ያን ሰማያዊ ቀስ እያለ ያወጣዋል። እኔ ግን እማሆይ ያሉኝን እያሰብኩ ነው። የምታውቂውን ንገሪኝ ነው ያሉኝ። ወረቀት አምጪ አላሉም፤ እንዳላዝን አድርገሽ ንገሪኝም አላሉም። ያኔ የማውቀው አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ። ነገ ስምህን ጠርተው ሲጸልዩ አጠገባቸው ካልተገኘሁ ያልሠራኸውን ይቅር በልልኝ ይላሉ። ከገና በኋላ ማኅተም ይዤ ብደርስ ያን ጸሎት ከየት መልሼ አመጣዋለሁ?

ያዝናሉ። ልጄ እጁን እየጠረጠረ ሞተ ብለው ያለቅሳሉ፤ እኔም አብሬ ሳላለቅስ አልቀርም። ሰገነት ደግሞ ትሰድበኛለች፤ አውቃታለሁ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ትለኛለች። ትበል። እነግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ለእሳቸው፣ ከዚያ ቄሰ ገበዙ ባሉበት፣ ከዚያ ተዝካር ላይ ለተቀመጠው ሁሉ። አልገባንም ካሉ ድጋሚ እነግራቸዋለሁ፤ ሥራዬ ማስተማር ነው።

መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ «አቀስታ! አቀስታ! አንድ ሰው!» እያለ ነው። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ሀምዱ «ቆይ፣ ሁለተኛው ገጽ እየወጣ ነው፣ ሦስተኛው ይቀራል» ይለኛል። ማመልከቻው ይቆይ። ገና ሩቅ ነው።

ደህና ዋል ብዙአየሁ፤ ቦርሳዬን አንሥቻለሁ፣ እየወጣሁ ነው።

አበቡ